የሠሪው ስም ይጻፍ፤ የጌጡ ወርቅም አይፋቅ

ለሙዚየሙ ዋና ዳይሬክተር
ለስብስብና ጥበቃ ክፍል
ለኤግዚቢሽን ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ በሠዓልያን የተነደፉ የወርቅ ጌጦችን አዲስ ትርኢትና የአንጥረኞችን ሥራ አያያዝ በተመለከተ ቅሬታና ጥያቄ ስለማቅረብ

ክቡራንና ክቡራት፣

ሙዚየሙ የአንጥረኞች መሣሪያና ሥራ ይታይበት የነበረውን ክፍል ዘግቶ በቦታው ሠዓልያን የነደፏቸውን የወርቅ ጌጦች ለማሳየት ወስኗል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በዚህ ምክንያት ነው። በሠዓልያኑ ሥራ ላይ ቅሬታ የለንም። ሠዓሊ በወረቀት ያሰበውን በወርቅ ሲያይ ለእሱም ለአንጥረኛውም አዲስ በር ይከፈታል፤ እንዲህ ያለ ትርኢት በአገራችን መዘጋጀቱም ተገቢ ነው። ቅር ያሰኘን ወርቁን ያቀለጠው፣ ሽቦውን የሳበውና የበየደው ሰው ከራሱ ሥራ ታሪክ መውጣቱ ነው። የክፍሉ መዘጋትም ስለ ስብስቡ አያያዝ ለረጅም ጊዜ ሲጠራቀሙ የቆዩ ችግሮችን በግልጽ እንድንናገር አስገድዶናል።

በመጀመሪያ ስለ ስም እንናገር። በአዲሱ ትርኢት መግለጫ ካርዶችና በካታሎጉ ላይ የሠዓሊው ስም፣ የጌጡ ርእስ፣ ዓመቱና “ወርቅ” የሚል ቃል ተጽፏል። ማን እንደሠራው የሚናገር መስመር ግን የለም። ንድፍ ጌጥ እስኪሆን ድረስ ስንት ነገር በአንጥረኛው እንደሚወሰን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል። ሠዓሊው 3 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጆሮ ጌጥ ይነድፋል እንበል። በ18 ካራት ወርቅ፣ በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንደተሣለው ቢሠራ አንዱ ጆሮ ብቻ ወደ 23 ግራም ይሸከማል፤ ቀዳዳውን ይቀድደዋል። አንጥረኛው ሉሁን ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ያሳሳዋል፣ እንዳይጎብጥ ዙሪያውን በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ያጠነክረዋል፣ ክብደቱ ወደ 10 ግራም ተኩል ይወርዳል። ማንጠልጠያው የሚበየደው መሐል ላይ ነው ወይስ ትንሽ ወደ ኋላ? መሐል ላይ ከሆነ ጌጡ ፊቱን ወደ መሬት ይደፋል። ይህን ሁሉ ወረቀቱ አይናገርም።

በሌላውም ዓለም የሠሪ ስም አብሮ መጠቀሱ የተለመደ ነው። የሳልቫዶር ዳሊ ጌጦች ዛሬ በስፔን ፊጌሬስ ከተማ ለብቻቸው በተዘጋጀ ቤት ይታያሉ፤ ብዙዎቹን በኒው ዮርክ የሠራቸው አንጥረኛ ካርሎስ አሌማኒ መሆኑም ተመዝግቦ ይታወቃል። የፒካሶን የወርቅና የብር ሳሕኖችና ሜዳሊያዎች በደቡብ ፈረንሳይ የሠራው ፍራንሷ ኡጎ ነው፤ ማኅተሙ በሥራዎቹ ላይ አለ። የዦርዥ ብራክን ንድፎች ወደ ጌጥ የለወጠው ሄገር ደ ሎዌንፌልድም ስሙ ከብራክ ስም አልተለየም። የወርቅ ከተማ በምትባለው በጣሊያኗ አሬዞ ያለው “ኦሮ ዳውቶሬ” የተባለው ስብስብም የሠዓልያንና የንድፍ ባለሙያዎች ሐሳብ ከከተማዋ አንጥረኞች እጅ ጋር የተገናኘበት ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ማስረጃው ከዚህም የጠነከረ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ዛሬ በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው የወርቅ ጽዋ ከ1735 እስከ 1740 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በጎንደር የተሠራ ነው። ሠሪው ወልደ ጊዮርጊስ ተብሎ በስሙ ተመዝግቧል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የሠራ አንጥረኛ ስም ባሕር ማዶ ካርድ ላይ ሲጻፍ፣ ትናንት በአገራችን የተሠራ ጌጥ ያለ ሠሪ ስም መቆሙን ልንቀበለው አንችልም። አንጥረኛ በዚህ አገር “ጠይብ”፣ “ቡዳ” እየተባለ የኖረ ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም ስምን ማስቀረቱ እስከ ዛሬ አልቀረም፤ የሙዚየም ካርድም የዚህ ልማድ ተባባሪ ሊሆን አይገባም።

የጥንቱ ጌጥ ሠሪ በአብዛኛው እንደማይታወቅ እንረዳለን። ላልታወቀው “ሠሪው ያልታወቀ አንጥረኛ” ተብሎ የተገኘበት አካባቢና የአሠራሩ ዘዴ ይጻፍ፤ ለዚህ አንድ መስመር ይበቃል። በቅርብ አሥርት ዓመታት የተገዙት ግን የግዢ ሰነድ አላቸው፣ ብዙዎቹም የሠሪ ምልክት ተመቶባቸዋል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በቀለበት የውስጥ ገጽ፣ በአምባር መቆለፊያ ምላስ ወይም በመስቀል ማንጠልጠያ ጀርባ ይገኛል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሁሉንም መፈተሽ ይቻላል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ካርዶቹ ስለ ጌጡ ምንነት የሚሰጡት መረጃ ነው። ረጅም እጀታ ያለው የብር ኩክ ማውጫ “ትንሽ ማንኪያ” ተብሎ ቀርቧል። የጸጉር ወለባ “የልብስ መርፌ” ተብሏል። እነዚህን አንዲት ባልቴት በደቂቃ ታርማቸዋለች። የሚከብደው የማዕድኑ ስሕተት ነው። በወርቅ የተለበጠ ብር “ወርቅ” ተብሎ የተጻፈባቸው ካርዶች ጥቂት አይደሉም። ወርቁ በሜርኩሪ፣ ማለትም በባዜቃ ተለውሶ ብሩ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ በእሳት ባዜቃው ይተናል፣ ስሱ የወርቅ ሽፋን ብሩን ይዞ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ጌጡን መሞረድ አያስፈልግም። ዘለበቱንና ማንጠልጠያውን ተመልከቱ፤ በመታሸት ብዛት ነጭ ብር ብቅ ብሎ ይታያል። ያ ካልበቃ መዝኑት። 20 ግራም የሆነ ጌጥ በክር ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሲመዘን ክብደቱ ወደ 2 ግራም ከቀነሰ ብር ነው፤ 1.3 ግራም አካባቢ ብቻ ከቀነሰ 18 ካራት ወርቅ ነው። ይህ ዘዴ ውስጡ ባዶ ለሆነ ፍሬ፣ ጨሌ ለተሰካበት ወይም አየር አምቆ ለሚይዝ የሽቦ ሥራ አይሠራም፤ ለእነዚህ በጨረር የሚለካው የእጅ መሣሪያ ይሻላል። መሣሪያው ከወርቁ ጋር ሜርኩሪ ካሳየ ልባጡ የቀድሞው የእሳት ልባጥ መሆኑ ይታወቃል።

ለብር ጌጦችም ጥሩ መነሻ አለ። የቀድሞ አንጥረኞቻችን ዋና ጥሬ ዕቃ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ነበር። አንዱ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ 83.3 በመቶው ጥሩ ብር፣ ቀሪው በዋናነት መዳብ ነው። ስለዚህ አሮጌ ነው የተባለ መስቀል ወይም አልቦ ሲለካ ብሩ 83 በመቶ ገደማ ቢሆን አያስደንቅም። 92.5 በመቶ ቢሆን ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል። ብር ጠፍቶ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ብቻ ቢገኝ ደግሞ “የጀርመን ብር” የሚባለው ነው። አንጥረኛ የተለያየ ብር ቀላቅሎ ስለሚያቀልጥ ልኬቱ ብቻውን ዕድሜን አይወስንም፤ ከአሠራሩ ጋር አብሮ መታየት አለበት። በሰም ቅርጽ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈስ መስቀል ቅርጹ ተሰብሮ ስለሚወጣ መንታ የለውም። በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አንዱ ጉድለት፣ ያው ትንሽ ጉድፍ በያው ቦታ፣ በሦስት መስቀሎች ላይ ከታየ ከአንድ የጎማ ቅርጽ የወጡ አዳዲስ ቅጂዎች ናቸው። እንዲህ ያሉ ሦስት መስቀሎች “ጥንታዊ” የሚል ካርድ ይዘው ቆመዋል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚያሳዝነን፣ የማጽዳቱ ጉዳይ ነው።

አንድ በወርቅ የተለበጠ የአንገት መስቀል አለ። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ቢጫው የቀረው በተጠማዘዘው ሽቦ ሥር፣ ጨርቅ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው። በዚያው ጉድጓድ ነጭ የደረቀ ዱቄት ተጋግሯል። በአንገት ላይ ሲለበስ የሚያልቅ ልባጥ የሚያልቀው ደረትን በሚነካው ጀርባና በማንጠልጠያው ነው። ፊቱ እኩል ከተገፈፈና ዱቄት ከተገኘ ግን ጌጡ በብር መወልወያ ታሽቷል ማለት ነው። መወልወያ የሚያጸዳው ገጽታውን እየፋቀ ነው። ብር ይህን ሊችል ይችል ይሆናል፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ እንኳ የማይሞላ የወርቅ ሽፋን ግን በጥቂት ውልወላ ያልቃል። የሄደውን ወርቅ የሚመልሰው የለም። እንደገና ማስለበጥም ጥገና አይባልም፤ የዛሬ ሥራ ይሆናል።

ጌጡ ተነክሮ የሚወጣበት የማጽጃ ፈሳሽም የባሰ ጉዳት አለው። አሲድ ስላለበት የጠቆረውን ያነሣል፣ ነገር ግን በሽቦዎቹ መሐል ገብቶ ይቀራል፤ ከወራት በኋላ ከመበየጃው ሥር አረንጓዴ ዝገት ይወጣል። በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው ማሽን ለአዲስ ቀለበት ጥሩ ነው፤ የደከመ ብየዳና የተሰካ ጨሌ ያለውን ጌጥ ግን ያረግፈዋል። ሎሚና አመድ ለቤት ብርጭቆ እንጂ ለቅርስ አይሆንም።

ትክክለኛው መንገድ ርካሽ ነው። መጀመሪያ ጌጡ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ አቧራው በለስላሳ የሠዓሊ ብሩሽ ይራገፋል። ቅባት ካለ በተጣራ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና፣ በትንሽ የጥጥ ጫፍ፣ ቦታ በቦታ፤ ከዚያ በተጣራ ውኃ ማለቅለቅ፣ በአልኮል ማድረቅ። ክር፣ ቆዳ ወይም ብራና ያለበት ጌጥ ውኃ አይንካው። መጥቆርን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም፤ በጥልቀቱ ውስጥ ያለው ጥቁረት ቅርጹን የሚያሳየው ነው፣ ሠሪውም ሆን ብሎ የተወው ሊሆን ይችላል።

ከሥሩ የሚያጠቁራቸውን ነገር ማራቅ ደግሞ ከማጽዳት ይቀድማል። ብርን የሚያጠቁረው በአየር ያለ የድኝ ጋዝ ነው። በማሳያ ሣጥኖቹ የተነጠፈው ሱፍ ጨርቅና ጌጡ የተደገፈበት ጥቁር ጎማ ድኝ ይተነፍሳሉ። የሣጥኑ ወለል የተሠራበት የተጨመቀ እንጨት ደግሞ መዳብንና አሮጌ መበየጃን የሚበላ አሲድ ያወጣል። ካራቱ ዝቅ ያለ ወርቅም ብርና መዳብ ስላለበት ይጠቁራል። ያልተቀለመና ታጥቦ ኬሚካሉ የለቀቀ ጥጥ ጨርቅ፣ ብረት ወይም መስታወት መደርደሪያ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልና ከ50 በመቶ በታች የሆነ የአየር እርጥበት ይበቃሉ።

ስለ ክሩ ባጭሩ እንናገር። የድሮ ድሪና የክታብ መያዣ ጌጦች ከጥጥና ከሐር ማተባቸው ተቆርጠው በናይሎን ገመድ እንደገና ተሰክተዋል። የፍሬዎቹ ቅደም ተከተል ተዛብቷል፣ በጌጥ መሐል ይገባ የነበረው ትልቁ ፍሬ ጫፍ ላይ ወጥቷል። ክሩ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ቋጠሮው፣ ቀለሙ፣ የአንገት ላብ ያረፈበት ቦታ ጭምር። የተበጠሰ ክር በወረቀት ታሽጎ ከጌጡ ጋር ይቀመጣል እንጂ አይጣልም።

አራተኛው የተዘጋው ክፍል ነው። መሣሪያዎቹ ወደ ማከማቻ ሲወርዱ ተበታትነዋል። ወናፉ በቆዳ ውጤቶች፣ መስፉ (መቀጥቀጫው ብረት) እና ጉጠቱ በብረታ ብረት፣ ሚዛኑ በንግድ ዕቃዎች ሥር ተመዝግበዋል። ቀልጦ የወጣው ወርቅ በዘንግ መልክ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ “ስብርባሪ” ተብሏል። የሽቦ መሳቢያው ሳሕን ዝገት በሚያጠፋ ፈሳሽ ታጥቦ የቀዳዳዎቹ ከንፈር ሻክሯል፤ ከእንግዲህ ሽቦ ሲሳብበት ይቧጭራል። እነዚህ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ሥራውን ያስረዳሉ።

ምን እንደሚያስረዱ አንድ የሽቦ ሥራ እናንሣ። 10 ግራም ጥሩ ወርቅ ወደ 21 ካራት ለማውረድ 1.43 ግራም፣ ወደ 18 ለማውረድ 3.33 ግራም ብርና መዳብ ይጨመርበታል። በማቅለጫ ከቦራክስ (ወርቁ ጠርቶ እንዲቀልጥ ከሚረዳው ዱቄት) ጋር ቀልጦ በተቀባና በሞቀ ቅርጽ ይፈሳል፤ ቅርጹ ቀዝቃዛ ከሆነ ዘንጉ ይሸበሸባል፣ እርጥብ ከሆነ ወርቁ ይረጫል። ዘንጉ በመስፍ ላይ ይቀጠቀጣል፣ ጫፉ ይሾልና ከትልቁ ቀዳዳ ወደ ትንሹ ይሳባል። ከሦስት ከአራት ቀዳዳ በኋላ ወርቁ ይደነድናል፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ግሎ ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል። እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ሲቀጥን ሁለቱ ክር ተገምዶ ይደፈጠጣል፣ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ በተሠራው ክፈፍ ውስጥ እየተጠመዘዘ ይሞላል። ከዚያ የተሞረደ መበየጃ ከቦራክስ ጋር ተነስንሶ ይበየዳል። ሙያው ያለው እዚህ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ወፍራሙን ክፈፍ ዙሪያውን ማሞቅ አለበት። በቀጥታ ወደ መሐል ከሄደ ቀጭኑ ሽቦ በዓይን ጥቅሻ ቀልጦ ጠብታ ይሆናል። መበየጃው ከበዛ ደግሞ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ እንደ ጥልፍ አየር የነበረው ሥራ ሉህ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ 10 በመቶ በሆነ ለብ ያለ የሰልፈሪክ አሲድ ይታጠባል፤ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፣ የብረት ጉጠትም አይገባበትም፣ ከገባ ጌጡ የመዳብ ቀለም ይለብሳል።

ክፍሉ የተዘጋበት ምክንያት የእሳት አደጋ ስጋት መሆኑ ተነግሮናል። ስጋቱ ትክክል ነው፤ መፍትሔውም አለ። ሸክላ ጡብ የተነጠፈበት የብረት ጠረጴዛ፣ ጢስ የሚስብ ማራገቢያ፣ ከሕንፃው ውጭ የሚቆም የጋዝ ሲሊንደር፣ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ተመልካቹን በሁለት ሜትር የሚያርቅ መከለያ። የአሲዱ ሥራ ተመልካች በሌለበት ይሠራል። በክፍሉ ምትክ የተቀመጠው ቪዲዮ እጁን ያሳያል፣ ነገር ግን አንጥረኛው እሳቱን መቼና ለምን እንዳነሣ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ ልጅ የለም። ሙያው ደግሞ የሚተላለፈው በዚያ ጥያቄ ነው።

ከሙዚየሙ ግድግዳ ውጭ ያለውን አንድ ጉዳይም ሳናነሣ አናልፍም። ከአያት የተወረሱ ሎቲዎች፣ ድሪዎች፣ አምባሮች ዛሬም ወደ ወርቅ ቤት የሚመጡት ለመቅለጥ ነው። የሚገዙት በግራም ስለሆነ የሠሪው ድካም ዋጋ የለውም። የወርቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚቀልጠውም ይጨምራል። ሙዚየሙ ሁሉንም ይግዛ አንልም። ከመቅለጡ በፊት ባለቤቱ ከፈቀደ ጌጡን የሚመዘግብ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቶ እንዲያሠራጭ ጠይቀን “በጀት የለም” ተብለናል። ቅጹ የሚጠይቀው ክብደት እስከ አንድ መቶኛ ግራም፣ ከማስመሪያ ጋር የፊት፣ የጀርባና የመቆለፊያ ፎቶ፣ ከየት አካባቢ እንደመጣና እንዴት እንደተሠራ ነው። ሚዛኑ በየወርቅ ቤቱ አለ፣ ካሜራው በየስልኩ አለ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን፦

አዲሱ ትርኢት ከመከፈቱ በፊት በእያንዳንዱ ካርድና በካታሎጉ ከነዳፊው ስም ቀጥሎ የሠሪው ስም እንዲጻፍ። ካታሎጉ ታትሞ ከሆነ የእርማት ወረቀት እንዲገባበት።

የብርና የወርቅ ጌጦችን በመወልወያ፣ በነክሮ ፈሳሽና በማሽን ማጽዳት ዛሬውኑ እንዲቆም፣ እስካሁን የጸዱት ዝርዝርና የተጠቀሙበት ኬሚካል ለሚመለከታቸው ባለሙያዎች ይፋ እንዲሆን።

“ወርቅ” እና “ጥንታዊ” የተባሉት ካርዶች ጌጡን በማይጎዳ ዘዴ ተመርምረው እንዲታረሙ፤ ለዚህ ከእኛ ወገን የሚዛንና የመለየት ሥራውን ያለ ክፍያ የሚያግዙ ባለሙያዎች እንመድባለን።

የአንጥረኞች መሣሪያዎች በአንድ መዝገብ ተሰብስበው ከአዲሱ ትርኢት ጎን እንዲታዩ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀንም ሥራው በአንጥረኛ እጅ ለሕዝብ እንዲታይ።

ከመቅለጥ በፊት የሚሞላው ቅጽ እንዲጸድቅ፤ የማባዣውን ወጪ እኛው እንሸፍናለን።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን፣ ከስብስብ ክፍሉ ጋር ፊት ለፊት የምንነጋገርበት ቀንም እንድትቆርጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የወርቅና የብር አንጥረኞች፣ የሽቦ ሥራ ባለሙያዎችና የጌጣጌጥ ጥገና ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለቅርስ ጥበቃ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች
በትርኢቱ ለሚሳተፉ ሠዓልያን
ለመገናኛ ብዙኃን